ሻጩ 60 አለ፣ እኔ 39 አልኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሌዘር ማሽን እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። የሠርግ ስጦታ ላይ ስም እጽፋለሁ። የሱቅ ማስታወቂያ አክሪሊክ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ እቆርጣለሁ። በርጩማ የሚሠሩ ልጆችም ዋንዛውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ መቀመጫው ላይ ጌጥ አወጣላቸዋለሁ። የጅማ በርጩማ ድሮ በእጅ ነበር የሚፈለፈለው። አሁንም የሚያምረው የእጁ ነው፣ ይህን ግን ለደንበኞቼ አልናገርም።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጥል ነው። ከቱቦ ሻጭ ጋር ተጣላሁ። ማን ልክ እንደነበረ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ መልሱም እንዳሰብኩት አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ዓይነት ማሽን ልቡ አንድ የመስታወት ቱቦ ነው። ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት የጋዝ ድብልቅ አለ፣ ከፍተኛ ቮልት ሲገባበት ዓይን የማያየው ጨረር ይወጣዋል። ቱቦው እንደ መኪና ጎማ ነው፣ በሠራህበት ቁጥር ያልቃል። ቁጭ ብሎም ይደክማል። አሮጌው ሲሞትብኝ አዲስ አበባ ደውዬ «60 ዋት» የተባለ ቱቦ አስመጣሁ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ጋዜጣ ታነባለች።

ገጠምኩት። በፊት በአንድ ዙር ይቆረጥ የነበረው 3 ሚሊሜትር አክሪሊክ አልቆረጥ አለ። ሁለቴ መመላለስ ግድ ሆነ፣ ጠርዙም ቀልጦ ተንጋደደ።

አንድ መለኪያ ነበረኝ። ይህን ሥራ ትቶ ወደ ቡና ንግድ ከገባ ጓደኛዬ በርካሽ የገዛሁት ነው። ፊቱ ጥቁር የተቀባ የአሉሚኒየም ጭንቅላት አለው፤ ጨረሩ ይመታዋል፣ ይሞቃል፣ ምን ያህል እንደሞቀ ቆጥሮ ዋቱን ይናገራል። ለካሁ፤ 39 አለ። ደገምኩ፤ አሁንም 39።

ደወልኩለት። «60 ብለህ የሸጥክልኝ 39 ነው» አልኩት። ሰውየው ምንም አልደነገጠ። «ወንድሜ፣» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ቱቦውን በመለኪያህ ለካኸው። መለኪያህንስ በምን ለካኸው?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እራት ላይ ግን ነገሩ አላስበላ አለኝ። ጅማ ተወልጄ፣ ቡና ሲመዘን እያየሁ አድጌ፣ ይህ ጥያቄ ቀድሞ ከእኔ አፍ መውጣት ነበረበት። ገዢ የራሱን ሚዛን ይዞ ሲመጣ ነቃ ያለ ገበሬ ዝም ብሎ አያስመዝንም፣ የታወቀ የ5 ኪሎ ብረት አምጡ ይላል። ብረቱ ወጥቶ 5 ካላለ ስለ ቡናው ወሬ የለም፣ መጀመሪያ ሚዛኑ ይታይ። ለዋት ግን ያ ብረት የት ነው ያለው? ብርሃን በጆንያ ተቋጥሮ አይቀመጥ።

ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ይህ ችግር በእኔ አልተጀመረም። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በፈረንጆች 1960 ነው። በዚያ ዘመን ሰዎቹ የሌዘርን ጉልበት የሚለኩት በ«ጂሌት» ነበር፤ ጨረሩ ስንት የጂሌት ምላጭ ይበሳል ነው ነገሩ። ሁለት ምላጭ ከበሳ ሁለት ጂሌት። እንስቅ ይሆናል፣ ግን እኔም እስከ ዛሬ ቱቦዬን የምፈትነው በአክሪሊክ ነበር።

ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ደህናው መለኪያ ቴርሞፓይል ይባላል። ጨረሩ የሳህኑን መሃል ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ወደ ዳር ይፈስሳል፣ በመሃሉና በዳሩ መካከል የተደረደሩ ጥቃቅን የብረት መጋጠሚያዎች የሙቀቱን ልዩነት ወደ ቮልት ይቀይሩታል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ብቻ ሲሞቅ የሚፈጠረውን ነገር ዜቤክ የተባለ ሳይንቲስት ያየው በፈረንጆች 1821 ነው፣ እስከ ዛሬ በእሱ ነው የምንኖረው። የኔ ርካሹ መለኪያ ይህ ሁሉ የለውም፣ ግን አባታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ብርሃንን ወደ ሙቀት ቀይረው ሙቀቱን ነው የሚቆጥሩት። ጥሩ ጎናቸው ፊታቸው ላይ ያለው ጥቁር ነገር ብርሃኑን እስከዋጠ ድረስ የጨረሩ ዓይነት ብዙም አያስጨንቃቸውም። ክፉ ጎናቸውም እዚያው ነው። ጥቁሩ ከተቃጠለ ወይም ከተላጠ ብርሃኑ ነጥሮ ይመለሳል፣ መለኪያው ደግሞ ያልገባለትን አይቆጥርም። ለዚህ ነው አምራቾች በዓመት አንዴ መልሳችሁ አስፈትሹ የሚሉት። አዲሱን እንኳ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ሊስት ይችላል ብለው ጽፈው ነው የሚሸጡት። የኔውን ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ማንም ፈትሾት የሚያውቅ አይመስለኝም።

መፍትሔውን ያመጣው ለልምምድ እኔ ጋ የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ብርሃኑን መመዘን ካቃተን በኤሌክትሪክ እናመዛዝነው» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ብረት ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከጨረርም ይምጣ ከማሞቂያ፣ 40 ዋት ለአንድ ደቂቃ ከገባበት እኩል ነው የሚሞቀው። የኤሌክትሪኩን ዋት ደግሞ ማንም መልቲሜትር ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ብቻ ነው። በቃ፣ የ5 ኪሎው ብረት ተገኘ። አሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ያለው የመንግሥት የመለኪያ ላቦራቶሪም ሌዘርን የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሙቀት የሚይዝ ዕቃ፣ ውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። የነሱ ስህተት ከ1 ከመቶ ይወርዳል፣ የኛው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከጎረቤት ቶርኖ ቤት 300 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ቁራጭ ለመንን። ባለቤቱን አባባ ነው የምላቸው። ከጎኑ ሁለት ቀዳዳ በሱልን፣ ሂሳብ ስንጠይቅ «ስትጨርሱ ምን እንደሆነ ንገሩኝ» ብለው አሳለፉን። በአንዱ ቀዳዳ የ3ዲ ፕሪንተር ጫፍ የሚያሞቀውን፣ የእስክሪብቶ ቁራጭ የሚያህል ባለ 12 ቮልት ማሞቂያ ከተትን። በሌላው የቴርሞሜትር ጫፍ ገባ። ፊቱን ለመኪና ጭስ ማውጫ የሚቀባውን ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ቀባነው፣ የማያብረቀርቀውን። ከሥሩ ፎም አነጠፍን፣ ሙቀቱ ወደ ጠረጴዛው እንዳይሸሽ።

ቴርሞሜትሩ አንድ ቀን ሙሉ አስጨንቆኛል። የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ደባልቄ ነከርኩት፣ 0 አለ። ጎሽ። የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ 94 አለ። ውሃ በ100 ነው የሚፈላው ተብለን አይደል የተማርነው? ወርውሬ ልጥለው ስል ልጁ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ጅማ እኮ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ውሃ በ94 ገደማ ነው የሚፈላው።» ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሻይ ሳፈላ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ያለኝ ደግሞ የባሰ ነው። ቴርሞሜትሩ ቢዋሽም ግድ የለንም አለ። በኤሌክትሪክ ስናሞቀውም በሌዘር ስናሞቀውም ያው ቴርሞሜትር፣ ያው ቁራጭ፣ ያው ክፍል ነው፤ ከዋሸ ሁለቴም እኩል ነው የሚዋሸው፣ ስናነጻጽር ይጣፋል። ያን ሁሉ በረዶ የፈጨሁት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት ሲመጣ፣ ጀመርን። በሩን ዘጋን፣ ነፋስ እንዳይገባ። መልቲሜትሩ 11.8 ቮልት፣ 3.3 አምፔር አሳየ። ይህ 39 ዋት ገደማ ነው። በስልክ 60 ሰከንድ ቆጥረን አጠፋን። ሙቀቱ ቁራጩ ውስጥ እስኪዳረስ፣ ቁጥሩ መውጣት እስኪያቆም ጠበቅን። 8.5 ዲግሪ ጨምሯል። 39 በ60 ሲባዛ 2,340 ጁል (ጁል የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለ8.5 ሲካፈል 275። ያቺ ቁራጭ 1 ዲግሪ ለመሞቅ 275 ጁል ትበላለች ማለት ነው። ልጁ ወረቀት አውጥቶ በሌላ መንገድ አሰላው፤ 1 ግራም አሉሚኒየም 1 ዲግሪ ለመሞቅ 0.9 ጁል ይፈልጋል፣ ለ300 ግራም 270። ማሞቂያው ራሱም ትንሽ ሙቀት ይወስዳልና 275 መሆኑ አይገርምም። እኔ ግን ገርሞኝ ነበር። ከመጽሐፍ የወጣ ቁጥርና ከኔ ጠረጴዛ የወጣ ቁጥር እንዲህ ተቀራርበው አይቼ አላውቅም።

አምስት ጊዜ ደገምነው። በየመሃሉ ቁራጩ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ መጠበቅ ነው ያሰለቸን። በዚያ መሃል አራት ኩባያ ቡና ጠጣሁ።

ከዚያ ሌዘሩ። ጨረሩን ወደ ሥራው የሚመሩት መስታወቶችና ሌንሱ ሳይገቡበት፣ ቀጥታ ከቱቦው አፍ፣ ማቀዝቀዣ ውሃውን 20 ዲግሪ ላይ ይዘን፣ ለ60 ሰከንድ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ነው፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቆይቶ የሚማታበት ጊዜ አለ። ጨረሩም አይታይም፣ ዓይን ላይ ካረፈ ያቃጥላል። ለዚህ ጨረር የተሠራ መነጽር ሳታደርጉ፣ ከቁራጩ ጀርባም ሸክላ ሳታቆሙ እንዳትነኩት። ብቻችሁንም አትሁኑ።

ውጤቱ ከ9.2 እስከ 9.6 ዲግሪ ሲዋዥቅ አማካዩ 9.4 ሆነ። በ275 ሲባዛ፣ ለ60 ሲካፈል 43 ዋት። ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 5 ከመቶ ይመልሳል ብለን ያንን ስንጨምርበት 45 መጣ።

60 አይደለም። 39ም አይደለም።

ዝም ተባብለን ቆየን። ከዚያ ልጁ የኔን መለኪያ አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አገላብጦ አየው። ጥቁሩ ፊት መሃል ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቦታ ነጥታ ታበራለች። የድሮው ባለቤት፣ ወይ እኔው ራሴ፣ አንድ ቀን ሌንሱ ሥር አስቀምጦ ጨረሩ ያነጣጠረበት ቦታ ነው። ቀለሙ ተቃጥሎ ራቁቱን አሉሚኒየም ቀርቷል። ራቁት አሉሚኒየም ለዚህ ጨረር መስታወት ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያዬ የሚደርሰውን ብርሃን ከፊሉን እየመለሰ፣ የቀረውን ብቻ እየቆጠረ ሲያወራልኝ ኖሯል። እኔ በዚያ ምስክርነት ሰው ሰድቤያለሁ።

አሁን ደግሞ አንባቢ «የእናንተስ 45 በምን ይታመናል?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው አንድ አሥረኛ ዲግሪ ነው፣ ይህ 1 ከመቶ ያህል ያወዛውዛል። ጣት ስልኩ ላይ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ሌላ 1 ከመቶ ናት። መልቲሜትሩን ከአንድ የራዲዮ ጠጋኝ ሁለት መልቲሜትሮች ጋር አመሳከርነው፣ ቮልቱ ተስማማ፣ አምፔሩ ላይ በትንሹ ተለያዩ። ትልቁ ጥርጣሬ ቀለሙ ነው፤ 5 ከመቶ ይመልሳል ያልነው ግምት ነው፣ 3ም 8ም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ብትደምረው ከ45 ላይ 2 ወይም 3 ዋት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። 60 ለመድረስ ግን የትም አይበቃውም።

ሰኞ ለሻጩ ደወልኩለት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ። 39 ያልኩህ ስህተት ነው፣ መለኪያዬ ተቃጥሎ ነበር አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ 45 አልኩት። ደስታው ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ኤሌክትሪክ፣ ሚሊአምፔሩን ከፍ አድርገው፣ 60 ይመጣልሃል አለኝ። ይህን የምትሰሙ ሁሉ ተጠንቀቁ። ከተጻፈው በላይ አምፔር ብትሰጡት ለጊዜው ጉልበት ሊጨምር ይችላል፣ ቱቦው ግን ከዕድሜው ላይ ነው የሚከፍላችሁ። ብዙ ሻጭ ጥጉ ላይ የሚጽፈው ቁጥር እንዲህ ተገፍቶ ለአፍታ የታየውን ነው፣ ቀን ሙሉ ሊሠራበት የሚችለውን አይደለም። እስክንግባባ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነበር። በመጨረሻ ከሚቀጥለው ቱቦ ዋጋ ሊቀንስልኝ ተስማማን። ቃሉን እንደሚያከብር አምናለሁ፣ ድምፁ ላይ ክፋት አልነበረም። እሱም ቁጥሩን ከሳጥኑ ላይ አንብቦ እንጂ ለክቶ አልነበረም የነገረኝ።

በዚያው እጄ ሥራ ላይ እንዳለ ቁራጩን ሦስቱ መስታወቶችና ሌንሱ ካለቁ በኋላ ባለው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሌንሱ እንዳያነጣጥርበት ዝቅ አድርጌ። 36 ዋት። ከ45ቱ ውስጥ 9 ዋት መንገድ ላይ ቀርቷል። መስታወቶቹን በአልኮል ጠርጌ ደግሜ ለካሁ፣ 40 ሆነ። 4 ዋት አቧራና የዋንዛ ጭስ ሲበላብኝ ነበር፣ ለዚህ ደግሞ ማንንም መክሰስ አልችልም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ጅማ ውስጥ እንደኔ ዓይነት ቤት እየበዛ ነው፣ በሌላውም ከተማ እንዲሁ ነው። ሁላችንም ቱቦ የምንገዛው በሳጥን ላይ ባለ ቁጥር ነው። ሌዘር ደግሞ በርጩማ ብቻ አይደለም የሚነካው፣ ዓይንና ቆዳ የሚታከምበትም አለ። እኔ ተሳስቼ የማጠፋው አክሪሊክ ነው። አዲስ አበባ ኪሎን፣ ሙቀትን፣ ኤሌክትሪክን የሚያረጋግጥ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ። መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ከኛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ አንድ መልቲሜትር ይዞ ማን ይሄዳል? እኔ የሌዘር መለኪያ አምጡልን አላልኩም። በስድስት ወር አንዴ አንድ ባለሙያ የተረጋገጠ መልቲሜትር ይዞ ጅማ ቢመጣ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሁለት ቀን ቢቀመጥ ይበቃናል። መልቲሜትሩ ከተረጋገጠ ቁራጩን በእሱ እናረጋግጣለን፣ በቁራጩ ሌዘር መለኪያውን፣ በመለኪያው ቱቦውን። ቱቦ ሻጮችም ቢያንስ ሁለት ነገር ሳጥኑ ላይ ይጻፉልን፤ ይህ ዋት በስንት ሚሊአምፔር እንደተለካ፣ ከቱቦው አፍ ይሁን ከሌንሱ በኋላ።

የኔን መለኪያ ፊቱን አሸት አሸት አድርጌ ያንኑ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። አሁን ያንኑ ቱቦ 43 ይለዋል። ጀርባው ላይ «በ1.05 አባዛው» ብዬ ከቀኑ ጋር ጽፌበታለሁ፣ ወር በገባ ቁጥር ከቁራጩ ጋር አመሳክረዋለሁ። አባባም ቃላቸውን አልረሱም፣ ምን እንደሆነ ሊያዩ መጡ፣ ሲገባቸው «እንግዲህ ይሄ የብርሃን ኪሎ ነው በሉኛ» ብለው ቁራጩን በእጃቸው መዘኑት።

ጅማ ያላችሁ ባለሌዘሮች ቱቦዬ አጠራጠረኝ የምትሉ ከሆነ መለኪያችሁን ይዛችሁ ሄርማታ ብቅ በሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለሁ። ገንዘብ አልጠይቅም፣ ቡናውን እናንተ ትከፍላላችሁ። ይህ ሁሉ መብራት ካለ ነው።

አንባቢያችሁ
ከጅማ